ነጭ ሽንኩርት በጓሮ፦ ሁለቴ ከስሬ በሦስተኛው የተሳካልኝ አተካከል

መጀመሪያ ኪሳራዬን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት ተከራይተን ስንገባ ከቤቱ ጀርባ 3 ሜትር በ4 ሜትር የምትሆን ባዶ መሬት ነበረች። ነጭ ሽንኩርት ተወዶ ቆጥረን የምንጠቀምበት ጊዜ ስለነበር ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር መሬቱን ቆፈር ቆፈር አድርጌ፣ አንድ ኪሎ ፈልፍዬ ተከልኩ። በቀለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሐምሌ መጣ፣ መሬቱ ኩሬ ሆነ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ያሉ እማማ በአጥር አሻግረው አይተው «ልጄ፣ ሩዝ ነው እንዴ የዘራሽው?» ብለውኝ አለፉ። ነሐሴ ላይ አንዱን ስነቅለው እጄ ላይ የቀረው ገንፎ የመሰለ ነገር ነበር፤ ሽታውን እንኳን ተዉት።

በሁለተኛው ዓመት ጊዜውን አስተካከልኩ፣ ዘሩን ግን አበላሸሁ። ፍሬው ትልልቅ ይሁን ብዬ ከውጭ የመጣውን ነጭ በነጭ፣ ሥሩ ተላጭቶ የሚሸጠውን ገዛሁ። ቅጠሉ ማማሩ! ሰው ሁሉ ሲያደንቅልኝ ከረመና የካቲት ላይ ስነቅለው ከታች ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፣ ባሮ ሽንኩርት ነው የሚመስለው። ራስ የሚባል ነገር የለውም።

በሦስተኛው ግን ተሳካ፣ ከዚያ በኋላም አልከሸፈብኝም። እንግዲህ ይህን የምጽፈው እንደኔ ከከተማዋ ዳር ዳር ላላችሁ ነው፤ አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ። ጓሮ የሌላችሁም አትሂዱ፣ ስለ ጆንያ እነግራችኋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የጀማሪን ነጭ ሽንኩርት በብዛት የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ውሃ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የሚገባው።

ስንት ልትከል?

እኛ ቤት በሳምንት 4 ራስ ገደማ እንጠቀማለን። በዓመት 200 ምናምን ራስ ማለት ነው። አንድ ፍሬ ሲተከል አንድ ራስ ይሰጣል፤ በደንብ የተደራጀ አንድ ካሬ ሜትር ደግሞ 50 ፍሬ ይይዛል። ስለዚህ 4 ካሬ ሜትር ብትኖራችሁ የዓመቱን ትሸፍናላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን በአንድ ካሬ ብቻ ጀምሩ፤ እኔ በአንድ ኪሎ ጀምሬ ነው በአንድ ኪሎ የከሰርኩት።

ጊዜው

ገበሬዎች በብዛት ሰኔ ላይ በዝናብ ይተክላሉ፣ ትክክልም ናቸው፤ ግን እነሱ ተዳፋት መሬት መርጠው፣ ውሃ መውረጃ ቦይ አውጥተው ነው። እንጦጦ ሥር እንዳለው ቀይ፣ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ላይ ከሆናችሁ እናንተም ሰኔ መትከል ትችላላችሁ። መረሬ በሚባለው ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ያለ ጀማሪ ግን ክረምቱን ባይነካካው ይሻለዋል። ቱሉ ዲምቱና አቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ጫማ ላይ ተለጥፎ ሰው የሚያስረዝመው፣ ሲደርቅ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ነው፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

የእኔ ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው። ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 15 ባለው ውስጥ ተክዬ እጨርሳለሁ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ዝናቡ እየወጣ ስለሆነ ውሃውን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፣ ሰማይ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ብርዱ ነው። ነጭ ሽንኩርት በደንብ ተከፋፍሎ ራስ እንዲይዝ ገና በልጅነቱ ቅዝቃዜ ማግኘት አለበት፤ እኛ አካባቢ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እኛ ብርድ ልብስ ስንደርብ እሱ ሥራውን ይሠራል። ቀላል ውርጭም ቢመታው ጫፉ ቢጫ ይላል እንጂ አይሞትም።

ከተተከለ በኋላ ከ4 እስከ 5 ወር ይፈልጋል። ከጳጉሜ በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ መስከረም 20 ተክላችሁ 140 ቀን ብትቆጥሩ የካቲት 10 ላይ ትደርሳላችሁ። ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም የሚይዝበት ሰሞን ነው፣ ሽሮው በገዛ ሽንኩርታችሁ ይሠራል።

ዘር፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ነጭ ሽንኩርት እንደ ጎመን የሚበተን ዘር የለውም። የሚተከለው ፍሬው ራሱ ነው፣ ማለትም ወጥ ቤት የምንፈለፍለው። ስለዚህ የተከላችሁት ምንም ይሁን፣ የሚወጣው የእሱ ግልባጭ ነው፤ በሽታም ካለበት በሽታውን ጨምሮ።

የሀበሻውን ግዙ። ፍሬው ትንንሽና ብዙ ቢሆንም፣ መላጡ ቢያማርርም፣ የእኛን ቀንና ሌሊት የለመደ እሱ ነው። ከውጭ የሚመጣው አብዛኛው በጋው ላይ ቀኑ እጅግ የሚረዝምበት፣ ክረምቱ የሚያንዘፈዝፍበት አገር ያደገ ነው፤ እኛ ጋ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ራስ የመያዣውን ምልክት አያገኝም፣ ቅጠል ብቻ ሲያወጣ ይከርማል። የእኔ የሁለተኛ ዓመት ታሪክ ይኸው ነው። ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዝርያዎችም አሉ፤ ፀዳይ 92፣ ቢሾፍቱ ነጭ፣ ኩሪፍቱ የሚባሉ። ከዘር አባዢ ገበሬ ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ ከአትክልት ተራ ወይም ከሰፈር ገበያ የሀበሻ ጠይቃችሁ፣ ከነሥሩና ከነአፈሩ ያለውን ምረጡ። ሻጭዋን «እናቴ፣ ለዘር ነው» በሏት፤ ብዙዎቹ ከታች ያስቀመጡትን ደህናውን ያወጡላችኋል።

ራሱን በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት። ጠጣር መሆን አለበት። ለስላሳ፣ ሻጋታ ያለበት፣ ከሥሩ አካባቢ ጥጥ የመሰለ ነገር ወይም ከጤፍ የማይበልጡ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ያሉበት ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ለምን እንደሆነ በሽታው ጋ ስንደርስ እናገራለሁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ገና የተነቀለ ነጭ ሽንኩርት ይተኛል። ሁለት ሦስት ወር ያህል ብትተክሉትም አይነቃም፣ መሬት ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንዲያውም ሊበሰብስ ይችላል። መንቃቱን ለማወቅ አንድ ፍሬ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁት። መሃሉ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ታያላችሁ። ቡቃያው የፍሬውን ግማሽ ያህል ከደረሰ ለመተከል ዝግጁ ነው። ነጭና ትንሽዬ ከሆነ ገና ነው፤ ራሱን ሳትፈለፍሉ በወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አትክልት ማስቀመጫው ላይ ከ3 እስከ 4 ሳምንት አስቀምጡት። ቅዝቃዜው ይቀሰቅሰዋል። ፍሪዘር አላልኩም፣ ፍሪጅ ነው።

የምትፈለፍሉት በምትተክሉበት ቀን ወይም ከዚያ በፊት ባለው ቀን ነው። ልጣጩን አትንኩት። ትልልቆቹን ከዳር ያሉትን ለመደብ፣ ከመሃል ያሉትን ቀጫጭኖች ደግሞ ለወጥ ወይም ለቅጠል አስቀሩ። ትልቅ ፍሬ ትልቅ ራስ ይሰጣል፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ከመትከል በፊት አመድ ውስጥ የሚያንከባልሉ አሉ። እኔ ግማሹን አድርጌ ግማሹን ትቼ አይቻለሁ፣ ልዩነት አላገኘሁበትም።

መሬቱ

መጀመሪያ ቦታ። ቢያንስ ለ6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። የጣራ ውሃ የሚወርድበት ሥር አይሆንም፣ አሸንዳችሁ የሚፈስበትም እንዲሁ። ከባሕር ዛፍ ራቁ፣ ሥሩ ሩቅ ድረስ እየመጣ ውሃውንም ምግቡንም ይወስድባችኋል። ባለፈው ዓመት ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ባሮ የነበረበት መሬት ላይም አትድገሙ፤ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ድንች ወይም ባቄላ የነበረበት ይሻላል።

ቀጥሎ ይህን ሞክሩ። ስፋትም ጥልቀትም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። አንዴ ይጠጣና እንደገና ሙሉት። አራት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ተመለሱ። ውሃው ከሄደ መሬታችሁ ደህና ነው፣ ትንሽ ከፍ ያለ መደብ ይበቃችኋል። ውሃው ቁጭ ብሎ ከጠበቃችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ የኔ ዓይነት መረሬ ነው ያላችሁ።

መደቡ ስፋቱ ከ1 ሜትር አይብለጥ፣ ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሃል መድረስ አለበት፤ መደቡን መርገጥ አይፈቀድም፣ ለልጆችም ንገሯቸው። ከፍታው መረሬ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ቀይ አፈር ላይ 15 ቢሆን ይበቃል። ዙሪያውን ቦይ ስታወጡ የሚወጣውን አፈር ወደ መደቡ ጣሉት፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ማለት ይኸው ነው። ድንጋይ ወይም የተረፈ ብሎኬት በጎኑ ብትደረድሩ አይናድም።

መረሬን መቼ እንደምትቆፍሩት ወሳኝ ነው። ዘግናችሁ ጨብጡትና ልቀቁት። ተጣብቆ እንደ ሊጥ ከቀረ ተዉት፣ ሁለት ሦስት ቀን ይጠንፍፍ፤ እርጥቡን ከቆፈራችሁት ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ዶማችሁን ትሰብራላችሁ። ጨብጣችሁት ቅርጽ ይዞ፣ በጣት ነካ ሲደረግ የሚፈረፈር ከሆነ ቀኑ ዛሬ ነው። እኛ ጋ ይህ ቀን ብዙ ጊዜ ከመስቀል ወዲህ ወዲያ ይመጣል፣ ግን በዓሉን እያዩ ሳይሆን አፈሩን እየነኩ ነው።

20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ጓሉን ሰባብሩ። ለአንድ ካሬ ሜትር በ10 ሊትር ባልዲ አንድ ሁለት ባልዲ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ ጨምራችሁ አዋህዱት። የቆየ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ትኩስ እበት ሥሩን ያቃጥላል፣ አረሙንም ከነዘሩ ይዞባችሁ ይመጣል። የዶሮ ኩስ ከሆነ ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ወር መብሰል አለበት፣ መጠኑም ከእበቱ ሩብ ያህል ይሁን። የማገዶ አመድ ካላችሁ በካሬ አንድ ሁለት እፍኝ ብትበትኑ ጥሩ ነው፣ ከዚያ አትለፉ። የከሰል አመድ ውስጥ ፕላስቲክ ሲቃጠል የነበረ ከሆነ ተዉት።

ጓሮ የሌላችሁ

ማዳበሪያ ፈልጉ። ማለቴ ጆንያውን ነው። እኛ አገር ጆንያው በውስጡ በመጣው ነገር ስም ተጠርቶ ቀርቷል፣ ለዚህ መመሪያ ግን ትንሽ ያምታታል። አፉን ወደ ውጭ እያጠፋችሁ ቁመቱን ወደ 35 ሴንቲ ሜትር አሳጥሩት። የቀለም ባልዲም ይሆናል፣ ከጎኑ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካንም ይሆናል። ዋናው ነገር የአፈሩ ጥልቀት ከ25 ሴንቲ ሜትር አለማነሱ ነው። ከሥሩ በጋለ ሚስማር አሥር ቀዳዳ አውጡ፤ ሦስት አይደለም፣ አሥር። ከዚያ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ሙሉት። መረሬ ብቻውን ዕቃ ውስጥ አይሠራም።

የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ከ6 እስከ 8 ፍሬ ይይዛል። በረንዳችሁ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚገባ ፀሐይ ካላት ትበቃለች። ፀሐይ የማይገባበት በረንዳ ላይ ራስ አትጠብቁ፣ ቅጠሉን ግን እየቆረጣችሁ እንቁላል ላይ፣ ድንች ላይ ታደርጉታላችሁ። ለቅጠል ከሆነ ቀጫጭኖቹን ፍሬዎች አጠጋግታችሁ ትከሉ። ከመደቡ ላይ ግን ቅጠል አትቁረጡ። እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ የሆነ አንድ ልጣጭ ሽፋን አለው ከታች፤ ቅጠል በቆረጣችሁ ቁጥር የራሱ ምግብም ልብሱም ይቀንሳል።

መትከል

ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መደቡን ቀድማችሁ በዋዜማው አጠጡት። ሲባጎ ዘርጉ። በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ስንዝር (20 ሴንቲ ሜትር)፣ በፍሬና በፍሬ መካከል ግማሽ ስንዝር። ጠፍጣፋው፣ ሥር የሚያወጣው መቀመጫው ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ። ተገልብጦ የተተከለም ይበቅላል፣ ግን አንገቱ ተጣሞ ይወጣና ራሱ ይጎብጣል። መረሬ ላይ ከሹሉ በላይ የሚሆነው አፈር 3 ሴንቲ ሜትር፣ ቀላል አፈር ላይ 5 ይሁን። በጣት እየጫናችሁ አትሰንቅሩት፣ ሥሩ ሲያድግ ጠንካራ ወለል ይገጥመውና ፍሬውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በትንሽ እንጨት ጉድጓድ አውጡ፣ አስቀምጡ፣ መልሱ።

ላዩን የጤፍ ጭድ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጎዝጉዙበት። እርጥበቱን ይይዛል፣ መሬቱ እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል፣ አረሙንም ያፍናል። ጭድ ግን ዶሮ ይጠራል። ጭድ ውስጥ የቀረ ጤፍ አለ ብለው የጎረቤት ዶሮዎች አንድ ጠዋት መጥተው ግማሹን መደብ ገልብጠውብኛል፤ ሽንኩርቱን አልበሉም፣ ለእነሱ እንቅፋት ነበር። አሁን ቡቃያው አንድ ስንዝር እስኪሆን ድረስ የእሾህ ቅርንጫፍ ከላይ እጋርድበታለሁ።

ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ብቅ ይላል። በሦስት ሳምንት ያልወጣውን ቆፍራችሁ እዩት። ጠጣር ከሆነ መልሱት፣ የላላ ከሆነ ጣሉት።

ውሃ

እንግዲህ መጣን። በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ 20 እስከ 25 ሊትር፣ በቂ ነው። ለሁለት ከፍላችሁ ስጡት። ቀይ አፈር ላይ ለሦስት ይከፈል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሮቶ ባይኖራችሁ እንኳን አታጡትም። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል፣ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ግን አይሁን።

ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ መሬቱ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ዛሬ አይጠጣም። ቅጠሉ ጫፉ ቢጫ ሲል ሰው ሁሉ ጠማው ብሎ ውሃ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቢጫ የሆነው ከውሃ ብዛት ነው። እኔ ያንን ስህተት በመጀመሪያው ዓመት ከዝናቡ ጋር ተባብሬ ሠርቻለሁ፣ ዝናብ ያልዘነበ ቀን አጠጣ ነበር!

ጠዋት አጠጡ፣ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይሁን። ሃይላንድ ላስቲክ ክዳኑን በመርፌ በስታችሁ ብትጠቀሙ ለባልዲና ለጆንያ ማለፊያ ነው። በዕቃ ውስጥ ያለው ቶሎ ይደርቃል፣ እየነካችሁ በሁለት ቀን አንዴ ሊሆን ይችላል። ሊነቀል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ሙሉ በሙሉ አቁሙ። ያሳዝናል፣ ግን አቁሙ። ያ ደረቅ ጊዜ ነው ልጣጩን አድርቆ የሚያቆየው።

አረምና ምግብ

ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ መሬቱን አያጠላም፣ አረም ደግሞ ይህን ያውቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየሳምንቱ ንቀሉ፣ በእጅ ይሁን፤ መኮትኮቻ ከተጠቀማችሁ በጣም ከላይ ከላይ፣ ሥሩ ጥልቅ አይደለም።

አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለትም ከወር እስከ ወር ተኩል ገደማ፣ በመስመሩ መካከል አንድ ስስ ሽፋን ኮምፖስት ጨምሩለት። ከአንድ ወር በኋላ አንዴ ድገሙት። ዩሪያ እጃችሁ ላይ ካለ በካሬ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከቅጠሉ አርቃችሁ በትናችሁ፣ ወዲያው ውሃ ስጡት። ከሦስተኛው ወር በኋላ ግን ምንም ዓይነት ማዳበሪያ አይገባም። አሁን ራስ የሚይዝበት ነው፣ ያኔ ከመገባችሁት ሰነፍ ይሆናል፣ ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ቢነቀልም አይቆይም።

ሲታመም

ትሪፕስ የምትባል ዓይን የማይዛት ቢጫ ነፍሳት በበጋ ትመጣለች። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ካያችሁ እሷ ናት፤ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ስርጉድ ውስጥ ትደበቃለች። ጠዋት በውሃ እጠቧት። ካልሆነ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ ፀሐይ ሲበርድ እስከ ስርጉዱ ድረስ እርጩ፣ በአምስት ቀን ድገሙ።

ዋግ ደግሞ ቅጠሉ ላይ እንደ በርበሬ ዱቄት ብርቱካናማ ነገር ይነሰንሳል። እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲገናኙ ይመጣል። ጥቂት ቅጠል ከሆነ ቆርጣችሁ አርቁ፣ ቅጠሉን ማርጠብ ተዉ። ዘግይቶ ከመጣ ብዙም አትጨነቁ፣ ከታች ያለውን ራስ መብላት ይቻላል።

የምፈራው ነጭ አበስብስ የሚሉትን ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ተክሉ ሳብ ሲያደርጉት ያለ ትግል ይወጣል፣ ከሥሩ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታና እነዚያ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። ነጠብጣቦቹ የፈንገሱ ዘር ናቸው፣ መሬት ውስጥ እስከ 20 ዓመት ተኝተው ሊጠብቁ ይችላሉ። ቤት ውስጥ የምናደርገው መድኃኒት የለውም። የታመመውን ከዙሪያው አፈር ጋር ዝቃችሁ በፌስታል አስራችሁ ጣሉ፤ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትከቱት። መኮትኮቻውንም ጫማችሁንም እጠቡ። እዚያ ቦታ ላይ ከእንግዲህ የሽንኩርት ወገን የሆነ ሁሉ አይተከልም፣ ጎመን ይሁን። ዘር ስትገዙ እንዲያ ያስጨነቅኳችሁ ለዚህ ነው፤ አንድ ርካሽ ራስ መሬታችሁን ለአንድ ትውልድ ሊያበላሽ ይችላል።

መንቀል

የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው ከላይ አራት አምስት አረንጓዴ ሲቀር አንዱን ለሙከራ አውጡ። ራሱ ሞልቶ፣ ፍሬዎቹ ተለይተው፣ ልጣጩ ግን ሳይቀደድ ከያዛቸው ጊዜው ነው። ሁሉም ቅጠል እስኪደርቅ ከጠበቃችሁ ልጣጩ ይፈነዳል፣ ፍሬዎቹ ይበታተናሉ፣ እንዲህ ያለው አይቆይም።

አንገቱን ይዛችሁ አትጎትቱ። መረሬ አይለቅም፣ አንገቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከጎኑ በአካፋ ወይም በዶማ ላላ አድርጋችሁ አንሱ። አፈሩን በእጅ አራግፉ፣ አታጥቡ፣ እርስ በርስም አታጋጩት።

ምናልባት አንዳንዱ ሳይከፋፈል አንድ ድቡልቡል ፍሬ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ፍሬው ትንሽ ስለነበር ወይም ዘግይቶ ስለተተከለ ነው። አትጣሉት። ለመላጥ እንደሱ የሚመች የለም፣ በሚቀጥለው ዓመት ብትተክሉትም ተከፋፍሎ ደህና ራስ ይሰጣል።

ከዚያ ከነቅጠሉ አሥር አሥሩን አስራችሁ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ስቀሉ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በርበሬ አይደለም፤ የእኛ ፀሐይ ያበስለዋል። አንገቱ ሲደርቅና ልጣጩ ኮሽ ኮሽ ሲል ሥሩን ከርክማችሁ፣ ግንዱን 2 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ ወይም እንደ ሹሩባ ጎንጉኑት።

በቅርጫት ወይም በመረብ ከረጢት ይቀመጣል። ፌስታል ውስጥ ይሻግታል፣ ፍሪጅ ውስጥ ይበቅላል (ብርድ እንደሚቀሰቅሰው አይተናል)፣ ምድጃ በላይ ከሆነም እንፋሎቱ ያበላሸዋል። በዘይት ፈጭታችሁ የምታስቀምጡ ደግሞ ይህን ስሙኝ፦ በዘይት የተሸፈነ ነጭ ሽንኩርት ከፍሪጅ ውጭ ከዋለ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ ሕመም የሚያመጣ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል፣ ሽታውም መልኩም አይለወጥም። ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት አታሳልፉት፣ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ፍሪዘር ነው ቦታው።

የመጨረሻው ሥራ ዘር መለየት ነው፣ ገና ሳትቀምሱት። ከትልልቆቹ፣ ንጹሕና ጠጣር ከሆኑት፣ ከስምንቱ አንዱን ያህል አስቀሩ፤ እስከ መስከረም ድረስ የሚደርቅ ስለማይጠፋ ትንሽ ማብዛት ነው። እና ለብቻው ምልክት አድርጉበት። አንድ ዓመት ከሌላው ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ ትቼው እናቴ ለፋሲካ መጥታ ለዶሮው ወጥ ጥርግ አድርጋ ፈልፍላዋለች፣ «ምነው ደህና ደህናውን ደብቀሽ ነበር?» እያለች። አሁን ዘሩን በቀይ ክር አስሬ መኝታ ቤት ነው የምሰቅለው። ባለቤቴ ሽታውን ለምዶታል።